በስሟ ትይዩ ሰረዝ

«ዜሮ እኮ ቁጥር ነው። የኔ ሰረዝ ነው» አለች ቀለሟ ከግድግዳው ወዲያ። ሚልካ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ክር እያሰረች ነበርና እጇ እዚያው ቆመ። ሁለቱን ክፍሎች የሚለየው ኮምፔንሳቶ ስለሆነ በዚህ ቤት ሹክሹክታ የሚባል ነገር የለም፤ ሰው የሚደብቀው ነገር ሲኖረው ወይ ዝናብ ቆርቆሮውን እስኪመታ ይጠብቃል ወይ ደጅ ይወጣል። ወንድሟ ለታ አንድ ነገር አጉረመረመ። ሚስቱ ቀለሟ መልሳ፣ «ተው፤ እንዳትጠይቃት» አለችው። ከዚያ የቁም ሳጥኑ በር ተከፍቶ ተዘጋ።

ቁርስ ላይ ማንም ትናንት ስለወጣው የዝውውር ዝርዝር አላነሳም። የሚልካ አባት አቶ ነገሳ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ማለዳ ማለዳ ሬዲዮናቸውን ጆሯቸው ሥር አድርገው ነው የሚቀመጡት፤ ዛሬ ዘግተውታል። ለታ ወደ ጎሚስታው ሊሄድ ቱታውን ለብሶ ቆሞ ሻይ ይጠጣል። ቀለሟ እንደ ወትሮዋ ዳቦውን ቆርሳ ከሁሉ አስቀድማ ለሚልካ አቀረበችላት፣ ስኳሩንም ወደሷ ገፋ አደረገችላት። ለሚልካ ቀለሟ ብትቆጣት ይሻላት ነበር። አቶ ነገሳ ዳቦው ዋጋው ጨምሮ መጠኑ መቀነሱን አነሱ፤ ባለፈው ሳምንት አሥር ብር የነበረው አሥራ ሁለት ገብቷል አሉ። መልስ የሰጣቸው ስለሌለ ራሳቸው «እንግዲህ ስንዴው እዚሁ አጠገባችን እየበቀለ» ብለው ጨረሱት። የቀለሟ ልጅ ፈናን ገና አልተነሳችም። አምስት ዓመቷ ነው። እናቷ ጎበሳ ስለምታስተምር ያደገችው እዚህ አሰላ በአያቷ፣ በአባቷና በአክስቷ በሚልካ እጅ ነው፤ ቀለሟ በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ በሚኒባስ መጥታ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ትሄዳለች። አሁን ትምህርት ስለተዘጋ ክረምቱን እዚሁ ናት። ባለፈው ቅዳሜ የልጅቷን ጣት በር ቆንጥጧት እያለቀሰች ስትሮጥ ቀለሟ እጇን ዘርግታ ነበር፤ ልጅቷ ግን አልፋት ሄዳ የሚልካን ቀሚስ ያዘች። ቀለሟ የዘረጋችውን እጅ መልሳ የጠረጴዛውን ልብስ አስተካከለችበት።

ሚልካ የምትሠራበት ማኅበር በአሰላ፣ በኢተያ፣ በኦጎልቾና በጎበሳ የግል ትምህርት ቤቶች አሉት። ቀለሟም የማኅበሩ መምህርት ናት። መምህራኑ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ዝውውር ይጠይቃሉ፤ የአገልግሎት ዘመን፣ ከትዳር ጓደኛ ተለይቶ መኖር፣ ትንሽ ልጅ መኖር፣ ሁሉም የየራሱ ነጥብ አለው። እስካለፈው ዓመት ድረስ ነጥቡ በእጅ ይደመር ነበር፤ ሁልጊዜም የሚዛወረው ዘመድ ያለው ነው ይባል ነበር። በዚህ የተነሳ ዳይሬክተሩ አቶ ፍቅረማርያም ዘንድሮ ሁሉም በድረ ገጽ ይሁን ብለው ሥራውን ለሚልካ ሰጧት። መምህሩ በስልኩ ቅጹን ይሞላል፤ ገጹ ነጥቡን ያሰላል፤ ስሞቹ እንደ ነጥባቸው ከላይ ወደ ታች ይደረደራሉ። ዝርዝሩ ትናንት ከሰዓት በኋላ ወጣ። አሰላ ላይ አራት ክፍት ቦታ ነበር። ሚልካ ዝርዝሩ ሲወጣ የወንድሟን ሚስት ስም ሆን ብላ አልፈለገችም። ሰው ቢጠይቃት «እኔ አላየሁም» ለማለት ነበር ሐሳቧ፤ ይህንንም እንደ ንጽሕና ቆጥራው አድራለች።

ከቤት እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ጭቃ ስለሆነ ባጃጆቹ ከሐምሌ ጀምሮ በሰው ሃያ ብር ነው የሚጠይቁት። የጭላሎ ተራራ ጉሙን ተከናንቦ አይታይም። ሚልካ የገባችበት ባጃጅ ውስጥ ሁለት ሴቶች አማርኛና ኦሮምኛ እያፈራረቁ ያወሩ ነበር። ወሬው ኢተያ ስለምታስተምረው የአንደኛዋ እህት ነው። እህትየዋ መንታ ወልዳ፣ አንደኛው ታሞባት፣ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስዳ ስድስት ወር ቤት ተቀምጣ ነበር። ዘንድሮ ዝውውር ብትጠይቅ በስሟ ትይዩ ሰረዝ አደረጉባት። አብራት የምታስተምረዋም እንደዚሁ ለወሊድ ወጥታ ነበርና እሷም ሰረዝ ናት።

«እንግዲህ የወለደች አትዛወርም ማለት ነው» አለች ሴትየዋ፣ ጉልበቷ ላይ ያለውን የጎመን ፌስታል እያስተካከለች። ሌላዋ ሕግ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። «አሁንማ ኮምፒውተሩ ነው የሚወስነው፤ ማንን ትጠይቂያለሽ?»

ሚልካ የምትወርድበት ገና ቢሆንም ወራጅ አለች። የቀረውን መንገድ በእግሯ ሄደች። ቀለሟ ፈናንን ከወለደች በኋላ የልጅቷ ሳንባ ታሞ ስድስት ወር ሥራ አቋርጣ እንደነበር ታስታውሳለች፤ ሆስፒታል አብረው ነው የተመላለሱት።

ቢሮዋ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለች አንድ መስኮት ያላት ክፍል ናት። ጃኬቷን ሳታወልቅ ኮምፒውተሩን ከፍታ ነጥብ የሚያሰላውን ፋንክሽን አወጣች። ፋንክሽን ማለት በገጹ ውስጥ ለአንድ ሥራ ብቻ ተለይቶ የተቀመጠ የትእዛዝ ጥቅል ነው። ገጹ የመምህሩን የአገልግሎት ዘመን፣ የትዳሩንና የልጁን ሁኔታ ያቀብለዋል፤ ፋንክሽኑ አስልቶ ውጤቱን ለጠራው ይመልሳል፤ የተመለሰውን ቁጥር «ነጥብ» ብላ የሰየመችው ቫርያብል የሚባል መያዣ ተቀብሎ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ወዲያ ገጹ ስሌቱን አያውቅም፤ የሚያውቀው «ነጥብ» የያዘውን ብቻ ነው። ሚልካ ለፋንክሽኑ ሁለት መንገድ ነበር ያበጀችለት፤ አንዱ አገልግሎቱ ተቋርጦ ለማያውቅ፣ ሌላው ለተቋረጠበትና ያልሠራባቸው ወራት ለሚቀነሱበት። በመጀመሪያው መንገድ መጨረሻ ላይ ቁጥሩን መልስ የምትለዋ ትእዛዝ፣ ባለሙያዎቹ ሪተርን የሚሏት፣ ቁጭ ብላለች። በሁለተኛው መንገድ መጨረሻ ላይ ያለችው ግን ሌላ ናት። ውጤቱን በሚልካ በራሷ ስክሪን ጥግ ላይ ጻፍ የምትል፣ ለሙከራ ያስገባቻት ትእዛዝ ናት።

ግንቦት ላይ ስትሞክረው የሌለች መምህርት ፈጥራ፣ የአራት ወር እረፍት ሰጥታት ነበር። ሃያ ሰባት የሚል ቁጥር ስክሪኑ ጥግ ላይ ብቅ አለ። በወረቀት ደምራ አመሳከረችው፤ ትክክል ነበር። ወደ ሌላ ሥራ አለፈች። አሁን እንደምታየው ቁጥሩ የደረሰው እሷ ዘንድ እንጂ ገጹ ዘንድ አልነበረም። ፋንክሽኑ አንድም ሳይሳሳት ያሰላል፣ ያሰላውን ለሷ ያሳያል፣ ለጠራው ግን ምንም ሳይመልስ ያበቃል። «ነጥብ» ባዶውን ይቀራል። ባዶ ሲሆን ደግሞ ሰረዝ አድርገህ ከሁሉ በታች አስቀምጥ ብላ ያዘዘችው ራሷ ናት፤ ቅጹን ጀምረው ለተዉት ሰዎች ብላ። ሰረዝ የሆኑትን ቆጠረች። አሥራ አራት ናቸው። አሥራ ሁለቱ ወልደው ፈቃድ የወጡ፣ አንዷ እናቷን ያስታመመች፣ አንዱ እግሩ የተሰበረ ሰው። አንድም ቅጹን ያልጨረሰ አልነበረም።

እርማቱ አንድ ቃል ነው። ቃሏን አስገብታ፣ ለሕዝብ ያልተከፈተው ግልባጭ ላይ ዝርዝሩን እንደገና አወጣችው። የኢተያዋ የመንታ እናት ሃያ ስድስት። ቀለሟ ሠላሳ አንድ። በአሰላ ዝርዝር ሦስተኛ ሆና ገባች። ሦስተኛ የነበረው ወደ አራተኛ ወረደ፤ አራተኛ የነበረው ሃያ ዘጠኝ ይዞ ከአራቱ ክፍት ቦታ ውጪ ሆነ። እሱም ይበልጣል የሚባል የኦጎልቾ የሒሳብ መምህር ነው። ሚልካ በአካል አታውቀውም። ትናንት ዝርዝሩ እንደወጣ የስልክ ቁጥሯን ከሰው ተቀብሎ ደውሎ አመስግኗት ነበር፤ ስድስት ዓመት መጠየቁን፣ ሚስቱ አሰላ ልብስ ሰፊ መሆኗን፣ ዘመድ የሚባል ቢሮ ውስጥ እንደሌለው፣ ዘንድሮ ቁጥሩ ብቻውን እንዳመጣው ነግሯት ነበር። ሚልካም ደስ ብሏት እንኳን ደስ አለህ ብላዋለች።

አቶ ፍቅረማርያም የዝውውር ደብዳቤዎቹን ከስምንት ሰዓት በኋላ ሊፈርሙ ጠረጴዛቸው ላይ አስደርድረው ነበር። ሚልካ ቆማ ነገረቻቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ሰሟትና መጀመሪያ ያሉት ይህን አይቻለሁ ነው፤ ሲሞከር አብረው ተቀምጠው ቁጥሩ ሲወጣ በዓይናቸው አይተዋል።

«ያዩት እኔ እንዲያሳየኝ ያዘዝኩትን ነው» አለች ሚልካ። «ማሳየትና መመለስ ይለያያል። ለኛ አሳየን፤ ለገጹ አልመለሰለትም። ስህተቱ የኔ ነው።»

አቶ ፍቅረማርያም ክፉ ሰው አይደሉም፤ ነገር ግን በሠላሳ ዓመት ሥራቸው የተማሩት አንድ ነገር ቢኖር ሰው ምን ይላል የሚለውን አስቀድሞ መስማት ነው። የአሥራ አራቱን ስም አንብበው ሲጨርሱ ጣታቸው ቀለሟ ላይ ቆመ። የወንድምሽ ሚስት አይደለችም ወይ ብለው ጠየቋት። ናት አለች። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መከሯት፤ አሥራ ሦስቱ ይስተካከሉ፣ የሷ ለከርሞ ይቆይ፣ ዝርዝሩ ከወጣ በኋላ ገጹን የሠራችው ልጅ ዘመዷን አስገባች ከተባለ ማንም ድረ ገጹን አያምንም፣ የሚልካም ስም ይበላሻል። ለከርሞ ቀለሟ ያለ ምንም ጥያቄ ታልፋለች፤ እሳቸው ቃል ይገባሉ።

«ፋንክሽኑ እኮ ስም አያውቅም» አለች ሚልካ። «እሷን ለማስቀረት ስሟን መጻፍ ሊኖርብኝ ነው።»

«ሰው ግን ስም ያውቃል፣ ልጄ።»

ወደ ክፍሏ ተመለሰችና በሩን ዘጋች። ከውጭ ዝናቡ ጀምሮ ነበር። ምክሩ ሰውየው ተናግሮት እንጂ የሷም ሐሳብ እንደነበረ ያወቀችው ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ነው። ዘጠኝ ዓመት ጎበሳ የኖረች ሴት አንድ ዓመት ብትጨምር ምን ይሆናል አለች በሆዷ። መስመሩን ጻፈችው። መምህሯ ቀለሟ ከሆነች፣ ባዶ። አጭር መስመር ነበረች፣ ስህተትም አልነበረባትም፤ ገጹ ሳያንገራግር ተቀበላት። ዝርዝሩ ወጣ፤ አሥራ ሦስቱ ቁጥር ያዙ፣ ቀለሟ ብቻዋን ታች ቀረች። ሚልካ ለምን ያህል ጊዜ እንዳየችው እንጃ፤ ሻይ የምታዞረው ሴትዮ መጥታ፣ ብርጭቆ አስቀምጣ፣ ተመልሳ ብርጭቆውን ስትወስድ ሻዩ እንዳለ ነበር። በግንቦቱ ስህተት ውስጥ የማንም ስም አልነበረም። ይህችኛዋ መስመር ግን ስም አላት፤ የጻፈችውም ማን እንደሆነ ይታወቃል፣ ሌላ ሰው ባያውቅ ሚልካ ታውቃለች። አጠፋቻት።

ተመልሳ ወደ አቶ ፍቅረማርያም ሄደችና አልችልም አለቻቸው። በምትኩ ሌላ ነገር አቀረበች፤ የአሥራ አራቱም ቅጽ ይታተም፣ የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ ዘይቱና ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ሆና በእጅ ትደምረው፣ ሚልካ ክፍሉ ውስጥ አትሁን። የወጣው ቁጥር ከገጹ ጋር ከተለያየ ገጹ ይዘጋ፣ ሥራዋንም ትለቃለች። አቶ ፍቅረማርያም ትንሽ አሰቡና ስልኩን አንስተው ዘይቱናን ጠሩ።

ሚልካ በረንዳው ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ቆመች። ዘይቱና ሃያ ዓመት በእጅ ስትደምር የኖረች ሴት ናት፤ ድረ ገጹ ሲመጣ ደስ አላላትም ነበር። ስትወጣ ወረቀቱን ለሚልካ ሳይሆን በቀጥታ ወደ አለቃው ቢሮ ይዛ ገባች። ስትመለስ ግን አጠገቧ ቆም ብላ፣ አሥራ አራቱም አንድ ነው፣ ግማሽ ነጥብ እንኳ ልዩነት የለውም አለቻት። ቀጥላም እሷ በእጅ በምትሠራበት ጊዜ ያለ ደመወዝ ፈቃድ የወጡትን ዓመቱን በሙሉ ትቀንስባቸው እንደነበር፣ እንደዚያ ነበር የታዘዘችው፣ የወራቱን ብቻ መቀነስ እንደሚገባ ያየችው ዛሬ መሆኑን ነገረቻት። ይህን ያለችው ዝናቡን እያየች ነው።

የእርማቱን ማስታወቂያ አቶ ፍቅረማርያም ራሳቸው ጻፉት። «በቴክኒክ ችግር ምክንያት» ይላል። ሚልካ በእኔ ስህተት ተብሎ ይጻፍ አለች፤ እሳቸው ማኅበሩ በሠራተኛ ስም ማስታወቂያ አያወጣም ብለው ማኅተሙን መቱበት። ይበልጣልን ማን ይነግረዋል ብላ ስትጠይቃቸው ማስታወቂያው ላይ ያየዋል አሉ።

ቤት ስትደርስ አሥር ሰዓት ተኩል ሆኖ ዝናቡ አባርቷል። ቀለሟ ደጅ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር የልጅቷን ካልሲ እያጠበች ነበር። ፈናን ከጎረቤት ልጆች ጋር ትጫወታለች፤ አቶ ነገሳ ውስጥ ሬዲዮናቸውን ከፍተዋል። ሚልካ በርጩማ ስባ ተቀመጠችና ከጧቱ ባጃጅ ጀምራ እስከ ማኅተሙ ድረስ ነገረቻት። ስሟን የጻፈችበትን መስመር ብቻ አልነገረቻትም። ቀለሟ ካልሲውን ማሸቷን ሳታቋርጥ ሰማች። ሚልካ ሠላሳ አንድ የሚለው ላይ ስትደርስ ቀለሟ አንድ ጊዜ ቀና አለች፣ መልሳ ወደ ውኃው አየች።

«አሰላ ገብተሻል፣ እታለም» አለች ሚልካ፣ ያልሰማቻት መስሏት።

«ሰምቻለሁ።» ቀለሟ ካልሲውን ጨምቃ ገመዱ ላይ ሰቀለችው። «እኔ አውቀሽ ያደረግሽው መስሎኝ ነበር። ለወንድሟ ሚስት አደላች እንዳይሏት ፈርታ ነው ብዬ። ይሁን፣ ስለ ስሟ ነው አልኩ፤ ከትናንት ጀምሮ ይቅር ልልሽ ስታገል ነው ያደርኩት። ጧት ጨርሼው ነበር።»

«አላወቅሁም ነበር። አላየሁሽም።»

«እሱን ነው የምልሽ» አለች ቀለሟ። «ያላየችኝን እንዴት አድርጌ ይቅር እንደምል ገና አላውቅም። ቆይ፣ ጊዜ ስጪኝ።» ድምፅዋ ከፍ አላለም። ሁለተኛውን ካልሲ አንስታ ማጠብ ጀመረች። ሚልካ ልታግዛት እጇን ወደ ሳፋው ሰደደች፤ ቀለሟ አልከለከለቻትም፣ ቦታም አልለቀቀችላትም። ከዚያ ቀለሟ በኔ ቦታ የነበረው ማን ነው ብላ ጠየቀች። ሚልካ ነገረቻት፤ ስድስት ዓመት መጠየቁንና ትናንት መደወሉን ጨምራ። ቀለሟ ኦጎልቾን ታውቀዋለች፤ ከሙቀቱ በቀር ሰውን የሚያጫውት እንደሌለበት አንድ ዓመት ተኩል አስተምራበት አይታዋለች።

«ነግረሽዋል?»

«ማስታወቂያው ላይ ያየዋል ብለዋል።»

«ደውይለት» አለች ቀለሟ። «ከግድግዳ ላይ አያንብበው።»

ሚልካ እጇን በቀሚሷ አድርቃ ስልኳን አወጣች። ሦስት ጊዜ ጠርቶ አነሳው። ከበስተጀርባው የሰዎች ድምፅና የብረት መንኳኳት ይሰማል፤ እሱ ደግሞ ደስ ብሎት ነው የሚናገረው። ስሟን ሲሰማ ሰላምታውን አበዛው፤ አሁን ኦጎልቾ ቤቱ በር ላይ ሆኖ ዕቃውን እያስጫነ መሆኑን፣ ወደ አሰላ ባዶውን የሚመለስ አይሱዙ በግማሽ ዋጋ ማግኘቱን፣ ቤቱንም ለአከራዩ ማስረከቡን በአንድ ትንፋሽ ነገራት። ሚልካ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ከዚያ ስህተት መኖሩን፣ ስህተቱ የሷ መሆኑን፣ አሥራ አራት ሰዎች ቁጥራቸው ሳይመለስላቸው መቅረቱን፣ አሁን ሲመለስ እሱ አምስተኛ መሆኑን ነገረችው። የወንድሟ ሚስት ከፊቱ እንደገባችም ሳትደብቅ ነገረችው፤ ዘይቱና በእጅ እንደደመረችው ግን ለመናገር አልደፈረችም፣ ሰበብ መሰላት።

ቀለሟ ሳፋው ላይ እንዳጎነበሰች እጇ ቆሟል።

«የኔ ስንት ነበር?» አለ ይበልጣል።

«ሃያ ዘጠኝ።»

«የሷስ?»

«ሠላሳ አንድ።»

የሒሳብ መምህር ነው፤ ሌላ አልጠየቀም። ስልኩን ከጆሮው ሲያርቀው ተሰማት እንጂ አልዘጋውም። «አውርዱት» አለ ለሰዎቹ። አንዱ ምን አልክ ሲለው ሰማች። «አውርዱት፣ አልጋውን አስቀድማችሁ» አለ ይበልጣል፤ ሚልካም ስልኩን መዝጋት ስላቃታት ዕቃው ከመኪናው ላይ አንድ በአንድ ሲወርድ ቆማ አዳመጠች።